ከመስመሩ የወጣ ቀይ

ቦሩ ሲደውል ሰላምታ አያስቀድምም። የሎሪ ሹፌር ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሳይጠፋበት ነገሩን ተናግሮ መጨረስ ለምዷል። ያን ዕለትም ማርሳቢት ገበያ መሀል ቆሜ ሳለሁ ደወለና «ቢጫ ሰማይ አረፈ» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ሞያሌ ውስጥ ቢጫ ሰማይ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ደምሴ ነው፤ እኛ ጋሽ ደምሴ እንለው ነበር። በኬንያው ሞያሌ፣ ከከብት ገበያው ወደ ዋናው አስፋልት በሚያወጣው ጥግ ላይ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር የሎሪ አካል እየቀባ የሚኖር የእጅ ባለሙያ፣ ፈንዲ ነበር። በሚስለው ሥዕል ሁሉ ሰማዩ ቢጫ ስለሆነ ልጆች ያን ስም አወጡለት፤ እሱም አልተቀየመም። «ሰማያዊውማ ሁልጊዜ አናታችን ላይ አለ» ይል ነበር። «ላለ ነገር ለምን ቀለም አባክናለሁ?»

በማግስቱ በመጀመሪያው የማታቱ ሚኒባስ ሞያሌ ገባሁ። የሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያው በኩል ነው። ሬሳው በሰው ትከሻ ድንበሩን ተሻገረ፤ እሱ የቀባቸው ሎሪዎች ግን የመሻገሪያ ወረቀት ስላልነበራቸው ከኬላው ወዲህ ተሰልፈው ቀሩ። በአንዱ ጎን ላይ ጫማው እሳት የሚተፋ ሰው ይበራል፤ በሌላው ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለው ሮኬት ይወነጨፋል፤ በሦስተኛው ላይ የመስታወት ቁር የደፋች ሴት ከጨረቃ ላይ ሆና ፍየሎች ትቆጥራለች። ሹፌሮቹ ሞተር አጥፍተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ከጎን ቆመዋል። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቢያይ የሰርከስ ቡድን ኬላ ላይ የተያዘ ይመስለው ነበር። ለእኛ ግን ሙሉ ዕድሜው ነው የቆመው።

ከጋሽ ደምሴ ጋር ያገናኘን የሎሪ ጀርባ ነው። እሱ ጎንና ጎኑን ይስላል፤ እኔ ከኋላ በሩ ላይ የሚጻፈውን ሁለት መስመር እገጥማለሁ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት መጽሐፉ ግጥም የሚለው ምዕራፍ ላይ ሳይደርስ ስለሆነ፣ ግጥም ምን ያህል መርዘም እንዳለበት የነገረኝ አልነበረም። መጀመሪያ ለቦሩ ሎሪ የጻፍኩትን ይዤ ስመጣ ወረቀቱ ከፊትም ከኋላም ሞልቶ ነበር። ጋሽ ደምሴ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሎሪውን አየ፣ እኔን አየ።

«ልጄ፣ ይሄ ሎሪ ነው እንጂ ባቡር አይደለም።»

ከቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ አንድ የተሸበሸበ ገጽ አወጣ። ጠርዙ እንደ ሻይ ቡኒ ሆኗል። የቆየ የኮሚክ፣ የሥዕል ታሪክ፣ መጽሔት ገጽ ነው፤ ባለ ካባ ሰው ከረጅም ፎቅ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከአፉ የተንጠለጠለውን፣ ንግግሩ የተጻፈበትን ነጭ ክብ በብሩሹ ጫፍ አሳየኝ። ያን ነገር እሱ ደመና ነው የሚለው።

«እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ አሉ። ምን ይላል?»

«‹አይሆንም!› ነው የሚለው።»

«አየሽ? እየወደቀ እንኳ ቃል ቆጥቧል። አንቺ መሬት ላይ ቆመሽ ምን ያስለፈልፍሻል?»

ተናድጄ ሄድኩ። በሳምንቱ ሁለት መስመር ይዤ ተመለስኩ፦

አትጥራኝ ከኋላ፣ አልቆምም ለማንም፤
ቀለሜን አናግር፣ እኔ እዚህ የለሁም።

ጋሽ ደምሴ ቀጭኑን ብሩሽ አነሳና መጻፍ ጀመረ። ሲያመሰግን እንደዚያ ነበር። ቦሩ እስከ ዛሬ ያን ይዞ ይሮጣል።

ገጾቹን እንዴት እንዳገኛቸው ብዙ ጊዜ አውርቶልኛል። ወጣት ሆኖ ከደጋ ወርዶ እዚህ ሲቀር ሥራ አልነበረውም። ያኔ የነጋዴዋ የሐሊማ አባት ሱቅ ነበራቸው። ስኳር የሚጠቀልሉት ከናይሮቢ ከልባሽ ጨርቅ ጋር ተጭኖ በሚመጣ አሮጌ መጽሔት ነው፤ ቅጠሉን ገንጥለው እንደ ሾጣጣ ይጠመጥሙትና ስኳሩን ያፈሱበታል። ጋሽ ደምሴ አንድ ቀን ስኳሩን ጨርሶ ሾጣጣውን ሲዘረጋው የነሐስ ቁር የደፋ ሰው ከቢጫ ሰማይ ላይ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ወዲህ ስኳር ወዳድ ሆነ። ጠዋት ጥቂት ይገዛል፣ ቀትር ላይ ጥቂት ይገዛል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ይመጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ ቢገዛ አንድ ወረቀት ብቻ ነዋ የሚያገኘው።

ዛሬ ሎሪና አውቶቡስ ያላት ትልቅ ነጋዴ ሐሊማ ያኔ ሱቁ ውስጥ የምትጠቀልል ልጃገረድ ነበረች። «አባቴ ስኳር ነበር የሚሸጠው፤ ጋሼ ግን ወረቀት ነበር የሚገዛው» እያለች ትስቃለች። «እኔም ሮኬት ያለበትን እየመረጥኩ ከታች እደብቅለት ነበር። አባቴ ይህ ደገኛ በስኳር ሊሞት ነው ብሎ ይጨነቅ ነበር።»

ገጾቹ በቅደም ተከተል አልመጡም። የአንዱ ታሪክ ራስ፣ የሌላው እግር ነው የደረሰው። እሱ ደግሞ ሁሉንም አንድ ታሪክ አድርጎ አነበባቸው። አንድ ብረት ለባሽ ሰውዬ በአንዱ ገጽ ላይ ሞቶ በሌላው ገጽ ላይ ቁርስ ሲበላ ይገኛል። «እዚያ አገር ሞት እንደ ጉንፋን ነው» ይላል ጋሽ ደምሴ፤ «ይይዛል፣ ይለቃል።»

አጎቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚስሉ መሪጌታ ነበሩ፤ ልጅ ሆኖ ቀለም ይበጠብጥላቸው ነበር። ስለዚህ ኮሚኩን ያነበበው እሳቸው ባስተማሩት ሕግ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

«ባለ ነሐስ ቁሩን መጀመሪያ ሳየው በሁለት ዓይኑ ነው ያየኝ። ጻድቅ ነው አልኩ» ብሎ አጫውቶኛል። «የሚቀጥለው የሥዕል ሳጥን ላይ ብመጣ በጎን ዞሯል። አንድ ዓይን! ኧረ ምን በደለ ብዬ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። ምንም። ደግሞ ባንክ የዘረፈው ሌባ በሁለት ዓይኑ እያየኝ ሲያለቅስ አገኘሁት። ወሩን ሙሉ ግራ ገባኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገባኝ። እዚያ ሰው በአንዱ ሳጥን ጻድቅ ነው፣ በሌላው ኃጥእ ነው። አጎቴ አንዱን ብቻ የሳሉት ለአንድ ሰው አንድ ግድግዳ ብቻ ስለነበራቸው ነው።»

ይህን ነገር ለሁላችንም ይሠራበት ነበር። ቦሩ ሎሪው ላይ ከልክ በላይ ፍየል ጭኖ ሲመጣ ጋሽ ደምሴ ከመሰላሉ ሳይወርድ «ቦሩ፣ ዛሬ በጎን ነህ» ይለዋል። ቦሩም ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደሱ ያዞርና ሁለት ዓይኑን በጣቱ ያሳየዋል፤ ፍየሎቹን ግን አያወርድም። እኔንም እናቴን አኩርፌ በወጣሁ ቀን ገና ሳልቀመጥ «ሌላኛዋ ዓይንሽ የት ቀረች?» አለኝ። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዝናብ ሲጥል ቀለም አይደርቅምና ሥራ የለም። ያኔ ሳጥኑን ከፍቶ ገጾቹን አብረን እናይ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ አዲሶቹን አይቻለሁ፤ ጡንቻው ሁሉ ያብለጨልጫል፣ ከፀጉር አንዲት አትቀርም፣ ጥላው በጥላ ላይ ይደራረባል። የድሮዎቹ እንዲህ አይደሉም። አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር አገጩን ይሠራል፤ የቀረውን ፊት ያንተ ዓይን ይጨርሰዋል። ቆዳው ቀረብ ብለህ ስታየው እንደ ጤፍ የተዘራ ነጠብጣብ ነው፤ ራቅ ስትል ሰው ይሆናል። ሰማዩ ሲሻው ቢጫ፣ ሲሻው ሮዝ ነው፤ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም። ጡጫ ሲያርፍ ከድምፁ ይልቅ ኮከቡ ይሰማሃል። የሳሉት ሰዎች የነገውን ዘመን ሲያስቡ እጃቸው እንዳልተንቀጠቀጠ ያስታውቃል። ያ ነገ አልመጣም። ማንም ወደ ሥራ በሮኬት አልሄደም። ግን ገጹን ስትዘረጋው ያ ያልመጣው ነገ አሁንም ትኩስ ነው፤ ልክ ሊነጋጋ ሲል እንደሚሸተው አየር።

ጋሽ ደምሴን ከሁሉ የሚገርመው በከተሞቹ ውስጥ የሚያየው የቧንቧ ብዛት ነበር። በማማዎቹ ላይ፣ በሮኬቶቹ ሆድ፣ በብረቱ ሰውዬ ክንድ ሳይቀር ቧንቧ ተጠምጥሟል። እኛ ጋ በአህያ ጋሪ ጄሪካን እየተጎተተ ውኃ ይመጣል። «እነዚህ የሳሉት ሰዎች» አለኝ አንድ ቀን ከልቡ አዝኖ፣ «ውኃ የሚባል ነገር ተቸግረው አያውቁም።»

ሥዕሉን እንዳለ አልገለበጠም። በመጀመሪያ የሳለው በራሪ ሰው የውስጥ ሱሪውን ከላይ የለበሰ ስለነበር የከብት ነጋዴዎቹ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ። «ሙዜ ደምሴ፣ ይሄን ሎሪ ይዘን ሠርግ ቤት እንዴት እንሂድ? አልብሰው እንጂ!» አሉት። እሱም አለበሰው፤ ሽርጥ አሸረጠው። ከዚያ ወዲህ የሞያሌ ጀግና በሽርጥ ነው የሚበረው። በኮሚኩ ላይ ባቡር የሚያነሳውን ክንድ ደግሞ አስፋልት ሳይመጣ በፊት በነበረው ጭቃ የተያዘ ሎሪ እንዲያነሳ አደረገው። ሹፌሮቹ ያን ሲያዩ ያለቅሱ ነበር ይባላል፤ ያን መንገድ ያወቀ አይፈርድባቸውም።

ዋናው ነገር ግን ቀዩ ነው።

ከስኳር ቤት የመጡት ገጾች ላይ ቀዩ ከመስመሩ ወጥቷል። የካባው ጥቁር መስመር እዚህ ነው፤ ቀይ ቀለሙ ግን ከኋላው፣ አየር ላይ ቀርቷል። በሌላ ገጽ ላይ ቆማ የምታወራ ሴት የከንፈሯ ቀይ ጉንጯ ላይ አርፏል። ጋሽ ደምሴ ይህን ብዙ አሰበበት፤ በመጨረሻም የሳሉት ሰዎች ትልቅ ምስጢር እንደደረሱበት አመነ። በጣም የሚፈጥን ሰው ቀለሙ ሊደርስበት አይችልም፤ ወደ ኋላ ይቀራል።

«ቆማ የምታወራዋስ?» አልኩት አንዴ ልይዘው ብዬ። «የሷ ከንፈርስ?»

«ቆማለች እንጂ ልቧማ ሄዷል። ፊቷን እይው።»

ፊቷን አየሁት። እውነትም ሄዷል።

ስለዚህ በሎሪዎቹ ሁሉ ላይ ቀዩን ወደ ኋላ አስቀረው። መስመሩን በጥቁር ይጨርስና፣ ቀዩን ሲቀባ ሆን ብሎ ወደ ጭራው ያንሸራትተዋል፤ ከፊት በኩል ባዶ ቢጫ ጠርዝ ይቀራል። ከሩቅ ሲታይ ሎሪው ቆሞም የሚሄድ ይመስላል። ሹፌሮቹ አመኑት። ቀዩ ብዙ የቀረበት ሎሪ ይፈጥናል ተባለ። ቦሩ «ለእኔ አንድ ክንድ ሙሉ ይቅር፤ እኔ ናይሮቢ ነው የምሄደው» ብሎ ተከራክሯል። ለቅርብ ለቅርቡ፣ ለኦዳና ለቦሪ የሚሠሩት ጥቂት ቀይ ይበቃቸው ነበር።

ከዚያ ጉዮ መጣ። ጉዮ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ናይሮቢ ዲዛይን ተምሮ ተመለሰና ስቴጁ በሚባለው መናኸሪያ አጠገብ ስቲከር የሚያትም ማሽን ተከለ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሐሊማ ለናይሮቢ መስመር አዲስ አውቶቡስ ባስመጣች ጊዜ ግን ነገሩ የጋሽ ደምሴና የጉዮ ፉክክር ሆነ። ጎኑን በስቲከር ታለብሰዋለች ወይስ ለብሩሽ ትሰጠዋለች? ባለ ሎሪዎቹ ሁሉ እሷን እያዩ ነበር፤ እሷ ያደረገችውን ነው ሁሉም የሚያደርገው። ቆርቆሮ ጥላው ያለበት መሬት ባለቤት ቦታውን ለስልክ ሱቅ ይፈልገዋል። ጋሽ ደምሴ ሌላ ሙያ የለውም። ሐሊማ ግን ብዙ አላሰበችም፤ አውቶቡሱን ጥላው ሥር አቆመችለትና «በል ጋሼ» ብላው ሄደች።

ጉዮ አልተቀየመም። እንዲያውም ደስ ብሎት ስጦታ ይዞ መጣ። ያን ባለ ነሐስ ቁር የሆነ ቦታ አግኝቶታል፤ ያንኑ ገጽ፣ ከስኳር ሾጣጣ የወጣውን፣ ንጹሕ አድርገው እንደገና ያተሙትን። ታብሌቱን አውጥቶ አሳየው።

«ይኸው ጋሼ! እኔ እኮ ያንተን ሎሪዎች እያየሁ ነው ያደግኩት። ዋናው ይሄ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ታብሌቱን በሁለት እጁ ያዘው። እኔ የሎሪ በር ላይ ፊደል እጽፍ ነበር፤ ሳጥኑ ሲከፈት ሰምቼ ዞርኩ። ከሳጥኑ አሮጌውን ገጽ አውጥቶ ጎን ለጎን አድርጓቸዋል። በታብሌቱ ላይ ቀዩ ካባው ውስጥ ነው። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

«ቀዩ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል? ቦታው ላይ ነው።»

«እዚህኛው ላይ ግን ቀርቷል።»

«እሱማ የማተሚያው ስህተት ነው። ድሮ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ነበር የሚያትሙት፤ ወረቀቱ ትንሽ ሲንሸራተት ቀለሙ ከመስመር ይወጣል። ርካሽ ወረቀት ነዋ…» ጉዮ ይህን እያለ ቀና ሲል ፊቱን አየ፤ ከዚያ ደግሞ ሎሪዎቹን አየ። ያኔ ገባው። «ፖሌ፣ ይቅርታ ጋሼ። ወላሂ ደስ ይልሃል ብዬ ነው። ፖሌ።»

«ምን አደረግክ? እውነቱን ነው የነገርከኝ» አለና ታብሌቱን መለሰለት። ብሩሾቹን አጥቦ በተርታ አሰጣቸው። ገና ጠዋት ነበር።

ከዚያ ቀናት ሙሉ አልቀባም። አውቶቡሱ ነጭ እንደሆነ ቆመ። አጠገቡ እየተቀመጥኩ የማይረባ ማጽናኛ አወራ ነበር። አንድ ቀን «ምናለበት ጋሼ? ያንተ ከዋናው ይበልጣል» አልኩት።

«አታባብይኝ። መቼ ይበልጣል ያንሳል አልኩሽ? ሰው ሲፈጥን ቀለሙ ይቀራል ወይስ አይቀርም?»

«አይቀርም።»

«አይቀርም። በቃ።» እጁን ጭኑ ላይ አሻሸ። ከጥፍሮቹ ሥር ቀይ ቀለም መቼም አይጠፋም፤ ያን ቀን እሱን ሲያይ ነበር የዋለው። «አጎቴ አንድ ነገር ነው አጥብቀው የነገሩኝ። ያመንከውን ሣል፤ ያላመንከውን አትንካ። እኔ የማምነውን ነበር የምሥለው። ተሳስቼ ነበር፣ ግን ውሸታም አልነበርኩም። አሁን አውቄ ብቀባው ምን ልባል ነው?»

ከተሰጡበት ብሩሾቹን ሰበሰብኩለት። 

በሚቀጥለው ሳምንት ሥራውን ጀመረና ጨረሰ። ባለ ነሐስ ቁሩ ሽርጡን አሸርጦ፣ አውቶቡስ በትከሻው ተሸክሞ፣ በቢጫ ሰማይ ላይ፣ ከጄሪካን ጋሪዎች በላይ ይበራል። ቀዩ በሙሉ መስመሩ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጽዱ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ብዙ ጊዜ ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ የሚመሰገን ነገር ሞልቶታል፣ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል።

ሐሊማ ልትረከብ መጣች። ጉዮም ጥፋተኛ እንደሆነ ሁሉ ከኋላዋ ቆሟል። ቦሩና ሌሎች ሹፌሮችም ሥራ እንደሌላቸው ሰዎች ከአጥሩ ጥግ ተደግፈዋል። ሐሊማ መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች፣ ደግሞ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይሄ ማን ነው?»

«ያው ሰውዬው ነዋ።»

«የት ሊሄድ ነው?»

«ናይሮቢ።»

«አይመስለኝም። ይሄ ሰውዬ ስቴጅ ላይ ቆሞ ሰው እስኪሞላለት የሚጠብቅ ነው።»

ከአጥሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። ጋሽ ደምሴ አልሳቀም።

«ልክ ነው የሠራሁት፤ ዋናው እንደዚህ ነው። ጉዮን ጠይቂው።»

«ዋናውን መች አዘዝኩህ? ያን ወረቀት እኔ ነኝ ጠቅልዬ የሰጠሁህ፤ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ቀዩን ወደ ኋላ አስቀርልኝ።»

«አልችልም።»

«እምቢ ነው?»

«እምቢ አይደለም፤ አልችልም። ስህተት ነው ሐሊማ። አውቄ እጄን እንዴት ላሳስተው?»

ጉዮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ማማ፣ ከፈለጋችሁ… ሥዕሉን ፎቶ አንስቼ ቀዩን ብቻ ኮምፒውተር ላይ ላንሸራትተው እችላለሁ። አንድ ቁልፍ ነው። ከዚያ በስቲከር…»

ጋሽ ደምሴ ከዚያ ከታብሌቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «አየሽ? ማሽኑ ሳያውቅ ተሳስቶ አሳሳተኝ። አሁን ደግሞ ተምሮ መጥቶ ሊሳሳትልኝ ነው።»

«ስቲከር አልፈልግም» አለች ሐሊማ። ወርቋን ከክንዷ አውልቃ እኔን አስያዘችኝ። የሻሿን ጫፍ ወደ ኋላ አሰረችው። «ብሩሹን አምጣው።»

«ምን ልትሆኚ?»

«አንተ ስለምታውቅ አትችልም። እኔ ግን ሥዕል አላውቅም። የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ውሸት አይባልበትም፤ አይደለም እንዴ?»

 ጋሽ ደምሴ በሐሳቡ ወደ አጎቱ ሕግ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በመጨረሻ ሰፊውን ብሩሽ ቀይ ውስጥ ነከረ፣ ጠርዙ ላይ ጠርጎ ሰጣት። መሰላሉን ራሱ ያዘላት። የከተማችን ትልቋ ነጋዴ ረጅም ልብሷን በአንድ እጅ ሰብስባ ስትወጣ ሹፌሮቹ ከአጥሩ ተነስተው ቀረቡ።

ሐሊማ የመጀመሪያውን ብሩሽ ከካባው ጀርባ፣ ቢጫው ሰማይ ላይ አሳረፈችው። ቀዩ ወፍሮ ወረደ። ጋሽ ደምሴ መሰላሉን እንደያዘ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ካላየው እንደማያውቅ ሊቆጠርለት ፈልጎ ነው። እሷ ቀጠለች። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። እሱ አንገቱ ቀስ እያለ ሲመለስ እያየሁት ነበር።

«ወደ ኋላ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ተጠጋሽ። ከመስመሩ ራቂ። ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ኋላ… እንዲያ። አሁን ሳታቆሚ ወደ ታች።»

ሐሊማ ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አየችው፤ ጉንጯ ላይ ቀይ ተረጭቷል። «ስህተት ነው አላልክም?»

«ነው» አለ ጋሽ ደምሴ። መሰላሉን በትከሻው ደግፎ እጁን ወደ ላይ ዘረጋና የብሩሹን አያያዝ አስተካከለላት። «ግን ስትሳሳቺ በደንብ ተሳሳቺ።»